የድንጋዩ ደን ሳይዘጋ

የሁለተኛው ፓርክ መግቢያ ላይ የነበረችው ጥበቃ መታወቂያዬን ተቀብላኝ እንኳ አላየችውም። ጎንበስ ብላ በመስኮቱ ወደ መኪናዬ ውስጥ ተመለከተች። ከኋላ ያለውን ጠባብ አልጋ፣ ባለ አንድ ዓይኑን የጋዝ ምድጃ፣ በገመድ የታሰሩትን የውሃ ጀሪካኖች አንድ በአንድ አየችና ቀና አለች።

«ሌላው ሰው የት አለ?»

«የለም።»

«ተኝቶ ነው?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻዋን ናት!» ብላ ወደ ጥበቃ ቤቱ ጮኸች።

ከውስጥ አንድ የወንድ ድምፅ «እና ምን ላድርግላት?» አለ።

ሴትዮዋ ሳቀች። በዕድሜ እናቴን ታህላለች፤ ፀሐይ ያከሰለው ፊቷ ላይ የኮፍያዋ ክር ነጭ መስመር ትቶበታል። ከኪሷ ቀይ ጨርቅ አወጣችና የመኪናዬ መስታወት ላይ አሰረችልኝ። ብቻውን የሚገባ ሁሉ እንዲህ ይታሰርለታል። ማታ ማታ ጥበቃዎቹ በካምፑ ሲዞሩ ቀይ ጨርቅ ያለበትን መኪና ይፈልጋሉ፤ ከቦታው ካጡት ደግሞ ሰውየውን ፍለጋ ይወጣሉ።

«ፈልገን ካጣንሽስ? ለማን እንደውል?» አለችኝ።

የእህቴን ስልክ ሰጠኋት። ሌላ በቃሌ የማውቀው ቁጥር አልነበረኝም። ከማን ሸሽተሽ መጣሽ ብላ ብትጠይቀኝም የምሰጣት ያንኑ ቁጥር ነበር።

አባባ መርሳት የጀመረው እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በተመለስኩበት ዓመት ነው። መጀመሪያ ቁልፉን ረሳ፣ ቀጥሎ የቤቱን መንገድ፣ ቀጥሎ የእናቴን መሞት። በጠየቀ ቁጥር መርዶውን እንደ አዲስ እንነግረው ነበር፤ እሱም እንደ አዲስ ያለቅስ ነበር። በኋላ «ገበያ ሄዳለች» ማለት ለመድን። እህቴ ባልና ሁለት ልጆች አሏት። እኔ የተማርኩት የሥነ ምድር ትምህርትና አንድ ሻንጣ ልብስ ብቻ ነበረኝ። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እኔም እሺ ሳልል፣ አባባ የእኔ ሆነ። እህቴ ከነቤተሰቧ ወደ አባባ ቤት ተዛወረች፤ ለእኔ የአባባ ክፍል ውስጥ አልጋ ተዘረጋልኝ። ሊቀጥረኝ የነበረው መሥሪያ ቤት ጥቂት ጠበቀኝና ሌላ ሰው ወሰደ።

አባባ እሜቴ ይለኛል። ልጅ ሆኜ እጄን አጣምሬ ዝም ብዬ ስቀመጥ የቤት እመቤት እመስለው ነበር አሉ። የሁላችንም ስም ከአፉ ሲጠፋ ይህቺ ብቻ ቀረች። ዘመድ ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር «ሁሉን ቢረሳ እሷን አይረሳም፤ ከእሷ እጅ ካልሆነ እህል አይቀምስም» ይባላል። እኔ አቀርቅሬ ሻይ እቀዳለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ድካሜን ሁሉ የምታስረሳኝ ይህቺ ወሬ ነበረች።

ለራሴ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በረሃ ውስጥ ስላለ አንድ የድንጋይ ደን ነው። ዛፎቹ ከጊዜ ብዛት ወደ ድንጋይ ተለውጠው፣ ግንዳቸው አሸዋ ላይ እንደተጋደመ አለ። የቅርፊታቸው ስንጥቅ፣ የቅርንጫፋቸው ጉጥ ሳይቀር ይታያል። እኔ ግን ያየሁት በፎቶ ብቻ ነው። ያንን ሁሉ ገጽ የጻፍኩት ሌሎች ባነሱት ፎቶ ላይ ተመሥርቼ ነው፤ መምህሬም «ሄደሽ ያየሽው ነው የሚመስለው» ብሎ አመሰገነኝ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አንድ ወር ስጪኝ ብዬ እህቴን ለመጠየቅ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ እንደዘጋሁት አላውቅም። በመጨረሻ ዕቃ እያጠብን ሳለ ተናገርኩት። እጇን አደራረቀችና «እሺ። አንድ ወር ማለት ግን አንድ ወር ነው» አለች። ከአንድ ዳቦ ቤት ያረጀች የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ገዛሁ። አንድ አናጺ የዳቦ መደርደሪያዎቹን ነቅሎ አልጋና ቁም ሳጥን ሠራልኝ። ፀሐይ ሲበረታ ከግድግዳዋ አሁንም የዳቦ ሽታ ይወጣል። በመንገዴ ላይ ሦስት ፓርኮች ነበሩ፦ ቀዩ ገደል፣ የአሸዋው ኮረብታዎች፣ መጨረሻ ላይ የድንጋዩ ደን። ሙቀቱ ሲገባ የድንጋዩ ደን ለወራት ስለሚዘጋ ከዚህ ወር ካለፈ ሊታይ የሚችለው በሚመጣው ዓመት ነው። የሚመጣው ዓመት ደግሞ የእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እህቴ ሁለተኛ እሺ አትልም፤ እኔም ሁለተኛ የምጠይቅበት አፍ የለኝም።

ቀዩ ገደል ላይ ሰው ይበዛ ስለነበር ቶሎ ለቀቅኩት። አሸዋው ግን ያዘኝ።

ጠዋት ፀሐይዋ ሳትከር ጫማዬን በእጄ ይዤ እወጣለሁ። ነፋስ ሌሊቱን ሲሠራው ያደረው የአሸዋ ጠርዝ እንደ ቢላ ስል ነው፤ እግሬን ሳሳርፍበት ያለ ድምፅ ይናዳል። ቀትር ላይ የመኪናዬን የኋላ በር ከፍቼ ወለሉ ላይ እተኛለሁ። አሸዋ የበሩ ሐዲድ ውስጥ ገብቶ ሲከፈት ይንቋቋል፣ የምቀቅለው ሩዝ ውስጥ ይገባል፣ ጥርሴ ላይ ይንቀጫቀጫል። ማንም አይጠራኝም። መጀመሪያ መጀመሪያ ቀትር በሆነ ቁጥር የአባባ ምሳ ሰዓት ነው ብዬ ብድግ እል ነበር። ኋላ ኋላ ብድግ ማለቱን ተውኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ማንም ሳላስብ እንደቆየሁ ሲገባኝ ደንግጬ ተቀመጥኩ።

ከአጠገቤ ካምፐር የሚባለውን ቤት የሚያህል ትልቅ መኪና ያቆሙ ጡረተኛ ባልና ሚስት ነበሩ። ሴትየዋ በመጀመሪያው ቀን መጥታ በሬን አንኳኳች።

«ልጄ፣ የሚያስቸግርሽ ነገር ካለ ነይና አንኳኪ። እሱ ባይሰማም እኔ እሰማለሁ።»

ባልየው ከወንበሩ ሳይነሳ «እኔም እሰማለሁ፤ ዝም የምለው መልስ ስለሌለኝ ነው» አለ።

«ይኸው እንግዲህ! ይኼን ይዤ ነው አገር ላገር የምዞረው።»

«ማን ማንን ይዞ እንደሚዞር ነጂውን ጠይቂ።»

ሳቅሁ። ለሰው ቶሎ የምመልሰው ቃል አይመጣልኝም። ሰላምታም ቢሆን ሰውየው ካለፈ በኋላ ነው ከአፌ የሚወጣው። እነሱ ግን ከእኔ መልስ አልጠበቁም፤ ሁለቱም ለየራሳቸው በቂ ነበሩ።

አንድ ቀን፣ ለነገ ወደ ድንጋዩ ደን ለመሄድ ጀሪካኖቼን ሞልቼ፣ አልጋዬን አንጥፌ፣ የጎማውን አየር ለክቼ አመሻሽ ላይ ከአሸዋው ስወርድ የፓርኩ ፒክአፕ መኪናዬ አጠገብ ቆሟል። የመግቢያዋ ጥበቃ ቀዩን ጨርቅ በጣቷ ይዛ ትጠብቀኛለች።

«ልጄ፣ አትደንግጪ፤ የሞተ ሰው የለም» አለች። «እህትሽ ደውላ ነበር። ከቤት ፈልገውሻል።»

«እንዴት አገኘቻችሁ?»

«ስትገቢ ስምሽ ሲመዘገብ በሰጠሽን ቁጥር መልእክት ደርሷታል። በዚያው ቁጥር መልሳ ደወለች።» ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። «ነይ፣ ቢሮ ስልክ አለ።»

ቢሮው አንድ ጠረጴዛና የተሰነጠቀ ካርታ ያለበት ክፍል ነው። እህቴ ገና አንዴ እንደጠራ አነሳችው።

«ሃሎ፣ እታለም?»

«አንቺ ልጅ! አለሽ በሕይወት? ስልክሽ ምን ሆነ?»

«እዚህ ኔትወርክ የለም። ምን ተፈጠረ?»

«አባባ እህል አልቀምስም አለ! ትናንትም ዛሬም። አፉን ግጥም አድርጎ ይይዘዋል። ማንኪያ ሳቀርብለት እጄን መታኝ እኮ።»

«ጥርሱን ማታ ማታ ታወልቂለታለሽ? ሰው ሠራሹን? ካልተዘፈዘፈ ድዱን ያቆስለውና …»

«ኧረ ዘፍዝፌዋለሁ! አሁን እዚያ ሆነሽ ልታስተምሪኝ ነው? ሰውየው የሚጠራው አንቺን ነው። እሜቴ፣ እሜቴ፣ እሜቴ … ቤቱን አነቃነቀው። እንቺ ራስሽ ስሚው።»

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። የአባባ ትንፋሽ ተሰማኝ።

«አባባ» አልኩ።

«እሜቴን ጥሩልኝ» አለ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ፤ አለሁ።»

«እሜቴ የት ሄደች? ጥሩልኝ ብያችኋለሁ።»

እህቴ ስልኩን መልሳ ወሰደች። «ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እኔ ነይ አላልኩሽም። የምታደርጊውን ታውቂያለሽ። ብቻ ኋላ አንድ ነገር ቢሆን አልነገርሽኝም እንዳትይ።»

ስልኩን አስቀምጬ እዚያው ቆምኩ። ጥበቃዋ ፊቷን ወደ ካርታው አዙራ የማትሰማ መስላ ነበር።

«አባትሽ ናቸው?»

«አዎ። እህል አልበላም አለ።»

«እዚህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የመጣውን ማንም አይጠራውም» አለች። «ብቻውን የመጣውን ግን ሳይጠሩት አይቀሩም። አንዱን ሚስቱ፣ አንዱን አለቃው፣ አንዷን እናቷ …»

«ለምን ይመስልዎታል?»

«እንጃ ልጄ። ብቻውን ያለ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላቸዋል።»

የድንጋዩ ደን መቼ እንደሚዘጋ ጠየቅኳት። ዘንድሮ ሙቀቱ ስለቀደመ የወሩ መጨረሻም ላይደርስ ይችላል አለችኝ። «ግን ቅርብ ነው እኮ፤ የግማሽ ቀን መንገድ። በጠዋት ብትነሺ ለምሳ እዚያ ነሽ።» ከዚያ ፊቴን አየችና ሌላ ነገር አልጨመረችም። ቀዩን ጨርቅ ሳልመልስላት መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

ጠዋት ከፓርኩ ወጣሁ፤ ወደ ዋናው መንገድ ከመግባት በፊት መታጠፊያ አለ። ወደ ግራ የድንጋዩ ደን፣ ወደ ቀኝ አውራ ጎዳናው፤ አውራ ጎዳናው ወደ ቤት ይወስዳል። ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ። ለምሳ ደርሼ አንድ ግንድ ብቻ አይቼ፣ በእጄ ዳስሼ ብመለስ የሚባክነው አንድ ቀን ነው። በአንድ ቀን ሰው በረሃብ አይሞትም። ይህን ለራሴ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ግን አንድ ሰው አፉን ግጥም አድርጎ እኔን ሲጠብቅ፣ እኔ ድንጋይ ስዳስስ ታየኝ። ከሐዘኔ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ሲጠራኝ ደስ ብሎኛል። በዚህ ሁሉ አሸዋ መካከል፣ ሊያጎርሰው የሚችል ሌላ ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ መስማት ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ቀኝ ታጠፍኩ።

መንገድ ላይ ያደርኩት ነዳጅ ማደያ ጀርባ ነው። ከዚያ በቀር እንደ ምንም ብዬ ሳልቆም ነዳሁ፤ ሻይ የጠጣሁትም መሪውን ይዤ ነው። በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ በራችን ደረስኩና ቁልፉን መኪናው ላይ ትቼ ሮጥኩ።

ኮሪደሩ ላይ ሻንጣዎች ተደርድረው ነበር። በሕፃናት መዋኛ ቀለበት ተሰናክዬ ልወድቅ ስል ግድግዳውን ያዝኩ።

አባባ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ ፎጣ ተደርጎለታል። የእህቴ ባል፣ ያ ጢማሙ፣ ትከሻው በር የሚሞላው ሰውዬ፣ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሾርባ ያጎርሰዋል። አባባ ጥሩ አድርጎ ዋጠና አፉን ከፈተ፤ ሌላ ማንኪያ ተቀበለ። ከዚያ እጁን አነሳ።

«በቃኝ፣ እሜቴ» አለው።

የእህቴ ባል ዞሮ አየኝና ሳቀ። «ይኸው፣ እኔም እሜቴ ሆኜልሻለሁ! ማንኪያ የያዘውን ሁሉ እሜቴ ነው የሚለው። በቀደም ቧንቧ ሊሠራ የመጣው ልጅ ውሃ ቢያቀብለው እሱንም እሜቴ አለው። ልጁ ሊሞት ነው በሳቅ።»

እህቴ ከጓዳ ወጣች። ፀጉሯን ተሠርታለች። «ውይ፣ መጣሽ? እንኳን መጣሽ!» ብላ አቀፈችኝ። ሽቶ ትሸታለች። እኔ ላብና አሸዋ እሸታለሁ።

«ይበላል» አልኩ።

«ጥርሱ ነው እኮ! ልክ እንዳልሽው። ድዱ ቆስሎ ኖሯል። አወለቅንለት፣ ሾርባ ሰጠነው፣ አበቃ።»

«መቼ?»

«የዚያኑ ለት ማታ መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልደወላችሁልኝም?»

«ደውለን ነበር እኮ! ወጥታለች አሉን። አይደል?» ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«አዎ … ደውለን ነበር» አለ። ማንኪያውን በፎጣው ጠረገ፤ ተጠርጎ የነበረውን መልሶ ጠረገው።

እኔ የወጣሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። ማታውን ከቢሮው በራፍ ፊት ለፊት፣ ካምፑ ውስጥ ነበርኩ። ይህን ማለት እችል ነበር።

«እና ይሄ ሁሉ ሻንጣ?»

እህቴ ድምፅዋን አለሳለሰች። «የእሱ መሥሪያ ቤት ሰዎች ለቤተሰብ ብለው ሐይቅ ዳር ሆቴል ይዘውልን ነበር። አንሄድም ብለን ትተነው ነበር እኮ፤ አባባን ለማን ጥለን? ኋላ ግን ከፓርኩ ቢሮ መምጣትሽን ስንሰማ፣ መቼስ ከመጣሽ አይቀር ልጆቹም … እህት ዓለም፣ እኔም እኮ ሰው ነኝ። አንድ ሳምንት ነው። አንቺ ከወሩ የቀረሽን ስንመለስ ትወስጃለሽ።»

«ይዘጋል» አልኩ።

«ምኑ?»

«የድንጋዩ ደን።»

«ድንጋይም ይዘጋል እንዴ?» አለችና ሳቀች። ቀልድ መሆኑ የገባቸው ልጆቿም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሲጭኑ ለሐይቁ ዳር ይሆነናል ብለው የመኪናዬን ታጣፊ ወንበር ወሰዱ። ያለችኝ አንዷ ወንበር ነበረች። ትልቁ ልጅ «አክስቴ፣ አንቺ አሁን አትፈልጊውም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ከሁላቸውም የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ውሰዳት አልኩት።

ቤቱ ጭር አለ። ፊቴን ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ባዶ እጄን ወደ አባባ ክፍል ገባሁና ፊት ለፊቱ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኑ በደግነት ተመለከተኝ፤ ለእንግዳ የሚያሳየው ደግነት ነው።

«ማን ልበል?» አለኝ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«እንኳን ደህና መጣሽ። ልጆቹ የሉም፤ ወጥተዋል።»

ስለ አሸዋው ልነግረው ጀመርኩ፤ እሺ፣ እሺ፣ እያለ ሰማኝ። ከዚያ ተነስቼ ጓዳ ገባሁ፤ የቀረውን ሾርባ አሙቄ፣ ሳህንና ማንኪያ ይዤ ተመለስኩ። ገና በሩ ላይ ስደርስ ፊቱ በራ።

«እሜቴ! የት ጠፍተሽ ነው?»

እነዚህን ሁሉ ዓመታት እጄ ባዶ ሆኖ ወደ እሱ የገባሁበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ። ሁልጊዜ ወይ ማንኪያ፣ ወይ ብርጭቆ፣ ወይ ፎጣ ይዤ ነው የምገባው። ዘመዶቻችን ያዩትም፣ እኔ ያመንኩትም እሱን ነው። አጎረስኩት። ሳህኑን ባዶ አደረገው።

በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት አባባን አጥቤ ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ፤ መኪናዬ አጥሩ ሥር ቆማለች። ሬዲዮ እየሰማን ሳለ የበረሃው ሙቀት ስላየለ የድንጋዩ ደን ፓርክ ከተለመደው ቀድሞ መዘጋቱን ዜና አንባቢው ተናገረ፤ ቀጥሎ የስፖርት ዜና ገባ። አባባ ኳሱን ስሚ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገው።

እነ እህቴ አፍንጫቸው በፀሐይ ተልጦ፣ አሸዋ የያዘ ፎጣ ተሸክመው ተመለሱ። ትንሿ ልጅ «አክስቴ፣ ድንጋይ ስለምትወጂ» ብላ ከሐይቁ ዳር የለቀመችውን ጠጠር እጄ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። ሳምኳት። ማታ እህቴና እኔ ዕቃ ልናጥብ ጓዳ ገባን። አንድ ሳህን ደጋግማ ታለቀልቃለች።

«ለመሆኑ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ያንን የድንጋይ ደንሽን አየሽው? ሳልጠይቅሽ። ከመደወሌ በፊት ደርሰሽ ነበር?»

አላየሁትም ብላት ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። ታለቅሳለች፤ የእውነቷን ነው የምታለቅሰው። በእርጥብ እጇ ታቅፈኛለች። እኔም ጀርባዋን እየመታሁ «ምንም አይደል፣ እታለም» እላታለሁ፤ ካልኩት በኋላ ደግሞ ምንም አለመሆኑ ይጸናል። እሷ ቀለል ብሏት ትተኛለች። እኔ ግን ይህን አልፈለግኩም። ምንም እንዳልሆነ እንዲቆጠርብኝ አልፈለግኩም።

«አየሁት» አልኩ።

«እውነት?» ትከሻዋ ወረድ አለ። «ያምራል?»

«በጣም።» ሳህኑን አቀበልኳት። «ግንዶቹ አሸዋው ላይ ተጋድመዋል። ከሩቅ ሲያዩት ትናንት የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ቅርፊቱ፣ ጉጡ፣ የምስጥ ቀዳዳው ሳይቀር ይታያል። ስትዳስሺው ነው ድንጋይነቱ የሚገባሽ፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው።»

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው ያልኩትን መመረቂያ ጽሑፌም ውስጥ አልጻፍኩትም። ይቀዝቅዝ፣ ይሙቅ አላውቅም።

«እሰይ» አለች እህቴ። «እኔስ ሲከነክነኝ ነበር የሰነበተው።» ሳህኑን አደራርቃ ቦታው አስቀመጠችና ስለ ሆቴሉ ቁርስ ታወራልኝ ጀመር። እኔም የሚቀጥለውን ሳህን አነሳሁ።